ተኝቼ ሳልተኛ

ወረቀት ይዛ መጣች አዲሷ አዋላጅ፣
ጉንጯ ገና የልጅ፣ እጇ ግን የወዳጅ፤
"እትዬ ሳኒዬ፣ ስለ እንቅልፍሽ ልጠይቅሽ፤
መልሱ አራት ሳጥን ነው፣ ብዙም አላቆይሽ።
ባለፈው አንድ ወር፣ በስንት ሰዓት ተኛሽ?"

የቱን መተኛት ነው?
በሆስፒታል ቋንቋ ከተኛሁማ ቆየሁ፤
በረዶው ሳይጀምር እዚህ አልጋ ገባሁ።
ፋይሌ ላይ "ተኝታለች" ይላል በቀይ ቀለም፤
ይህን የጻፈው ሰው ሌሊት አይቶኝ አያውቅም።

ሐኪሙ አዞኛል፦ "በግራ ጎን ብቻ፣
ደሙ ለልጅሽ ይድረስ፣ ሌላ የለም ምርጫ።"
የክፍላችን መስኮት ደግሞ በቀኝ ነው ያለው፤
የትራብዞን ባሕር በጀርባዬ በኩል ነው።
የእኔ ድርሻ ግድግዳው ነው፣ የተላጠው ቀለም፤
ስመጣ ፍየል ይመስል ነበር፣ አሁን ግን አይመስልም።

"እንቅልፍ እስኪወስድሽስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"
እንደ ነፋሱ ነው።
ዱርሱን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይወጣል፤
ሰሜኑ ሲነሳ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።
ያኔ አብሬው እወጣለሁ ከአንሶላዬ ሳልነሳ፣
መረቡን እጠብቃለሁ እስኪከብድ በዓሣ።
ይህ በደቂቃ ስንት ነው? አንቺው አስቢው ልጄ፤
እኔ ጀልባው እስኪገባ ጆሮ ነው ገላዬ።

"ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ?"
ፊኛዬ። ቃሬ። የባቴ ቁርጥማት።
የግፊት መለኪያው፣ ክንዴን አንቆ በስድስት ሰዓት።
የነርስ ጫማ ሲጢጥ ሲል። የኮሪደሩ አምፖል።
ከግድግዳው ማዶ አንዷ ስታምጥ፣ "በቃኝ" ስትል።
ደግሞ ዝም ሲል ልጁ።
ይህ ከሳጥንሽ የለም፤ በእጅሽ ጻፊው።
ሲራገጥ ሲያድር "እባክህ ተወኝ" እለዋለሁ፤
እርግጫውን ሲያቆም ግን ወዲያው እነቃለሁ።
እጄን ሆዴ ላይ ጥዬ እቆጥራለሁ፦ አንድ…
ሁለት እስኪመጣ ድረስ ያልሄድኩበት የለም መንገድ።
በአንድ ቆዳ ሁለት ነን፤
አብረን ግን አንድም ሌሊት አልተኛንም።

"የመጨረሻው ጥያቄ፣ ጥራቱን ስትመዝኚው?"

ትናንት ሌሊት የሆነውን ልንገርሽ።
ጉልሴረን፣ ባለ መስኮቷ፣ ሁለት ጊዜ ያስወረዳት፣
ከገባች አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ በዓይኗ ያልዞረባት፣
ቁጭ ብላ ሹራብ ሠርታ መልሳ የምትተረትር
(የልጅ ልብስ ቀድሞ ካለቀ፣ ባዶውን እንዳይቀር)፣
አሥር ሰዓት ግድም አንገቷ ዘመም አለ፤
ክሩ ከጣቷ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።
ከዚያ አንኮራፋች!
ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና።

ማንም አልሳቀ።
ሶርያዊቷ ኻውላ ሳሏን በትራስ አፈነች፤
ቋንቋችን አይገባትም፣ ይህ ግን ገብቷታል።
ነርሷ መለኪያዋን እየገፋች መጣች፣
በሩ ላይ ቆመች፣ ሰማች፣
ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤
ግማሽ ሰዓት ልታቆየው በካልሲዋ ተመለሰች።

እኔም ትእዛዝ ጣስኩ።
ከግራ ጎኔ ዞርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ።
መስኮቱ እዚያ ነበር፣ መስኮቱ ውስጥ ባሕሩ፣
የአንድ ጀልባ መብራት፤ የዱርሱን ይሁን የሌላ፣ አላውቅም።
ስንት ቀን የናፈቅኩት ይህ ነበር፤
ግን ዓይኔ አልሄደም ወደዚያ።
የጉልሴረንን ትከሻ አየሁ፣ ሲነሳ፣ ሲወርድ፣
የተራበ ሰው የሌላውን ጉርሻ እንደሚያይ፤
አየሁ፣ አየሁ፣
ጠገብኩ።

ልጅቷ ብዕሯን እንዳነሳች ቀረች።
"እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መጥፎ፣ እጅግ መጥፎ፤ የትኛው ነው?" አለች።
የማን? አልኳት። የእኔ ነው ወይስ የክፍሉ?
ወረቀቷን አየች፤ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።
የእሷም ዓይን ቀልቷል፣ አሁን ነው ያየሁት፤
ሌሊት ተረኛ ነበረች መሰል።

በይ ሂጂ፣ ነገ ነይ፤ አንቺም ጋደም በይ።
መራገጥ ጀምሯል፤
ልተኛ።